በፈረንጆች በጋ ፊልም ለማየት ወዴት ልሂድ? እናቴም አብራኝ ናት

የማታ_ፈረቃ · ግንቦት 18

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዘወትር አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ዛሬ ግን ምክራችሁ አስፈለገኝ።

የምኖረው ሙኒክ ነው። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ከሰኔ 12 ጀምሮ አሥር ቀን እረፍት ተፈቅዶልኛል። እናቴ ልትጠይቀኝ ሚያዝያ ላይ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ አብራኝ ናት። ወዴት ልውሰዳት ብዬ ጓደኞቼን ብጠይቅ ሁሉም "ባሕር ዳር ውሰጃት" አሉ። እሷ ሰምታ "ባሕር ዳርንማ አውቀዋለሁ፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ጊዜ ሄጃለሁ" ብላ አሳቀችኝ።

እማዬ ፊልም ነፍሷ ነው። በወጣትነቷ እሑድ እሑድ ከሲኒማ ራስ አትጠፋም ነበር። የህንድ ፊልም ዘፈን እስካሁን ወጥ እየሠራች ታንጎራጉራለች፣ የአንዱንም ቃል ትርጉም ሳታውቀው። እዚህ መጥታ ግን የምታየው በእኔ ስልክ ነው። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ታደርግና ስልኩን ክንዷ እስከሚችለው ድረስ አርቃ ትይዘዋለች። አንጀቴን በላችው።

በዚህ ወቅት አውሮፓ ውስጥ የፊልም ፌስቲቫል እንደሚበዛ እሰማለሁ። አደባባይ ላይ በነጻ የሚያሳዩም አሉ ይባላል። የት ይሻላል? ጀርመንኛም እንግሊዝኛም አትሰማም። ጉልበቷን ያማታል። ኪሴን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቀይ ምንጣፍና የታዋቂ ሰው ፎቶ አላማረንም፣ ፊልሙን ብቻ።

ሽቅብ_ወራጅ · ግንቦት 18

እህቴ፣ ሰው ምን በወጣው። ፌስቲቫል ማለት ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም የማይናገርበት፣ አንዲት ላም መስክ ላይ ቆማ የምትታይበት ፊልም ነው። ሲያልቅ ሁሉም ተነሥቶ ያጨበጭባል። እናትሽን አታንገላቻት። ቴሌቪዥን ላይ የህንድ ፊልም ክፈቺላት፣ ቡና አፍሉ፣ አለቀ።

ጆርጂያ_ጎዳና · ግንቦት 18

ላሟ ያለችበት ፊልም የት ነው የሚታየው? እኔ ፈልጌዋለሁ።

ኢዛር_ማዶ · ግንቦት 18

እኔም ሙኒክ ነኝ። የሩቁን ከመጠየቅሽ በፊት የደጃፍሽን አላየሽም። የሙኒክ ፊልም ፌስቲቫል ልክ በእረፍትሽ ሰሞን ነው የሚውለው። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለ ነው፤ ጀርመን ውስጥ ከበርሊን ቀጥሎ ትልቁ ይኸ ነው። ከዚያ ሌላ ኦሎምፒክ ፓርክ ውስጥ ሐይቁ ዳር ማታ ማታ ፊልም ያሳያሉ። ዌስትፓርክም አለ፣ ሣሩ ላይ ብርድ ልብስ ዘርግተሽ።

ችግሩ ፊልሙ ወይ በጀርመንኛ ይናገራል ወይ ከሥሩ ጀርመንኛ ይጻፍበታል። ደግሞ እዚህ በሰኔ ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት አይጨልምም። እማማን አምሽቶ ማስቀመጡን አስቢበት።

የማታ_ፈረቃ · ግንቦት 18

በኦሎምፒክ ፓርክ በኩል ስንት ዓመት ተመላለስኩ! ሰው ፊልም ሊያይ ሲወጣ እኔ ሥራ ስገባ።

በርበሬ_በቦሎኛ · ግንቦት 19

እህቴ፣ ሳልዞር ልንገርሽ፦ ቦሎኛ።

እዚህ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ የሰው ቤት አስታማሚ ነበርኩ። የማስታምማቸው ሴትዮ በሰኔ ማታ ማታ "በወንበሬ እየገፋሽ አደባባይ ውሰጂኝ" ይሉኝ ነበር። እምቢ የማይባል ነገር ሆኖ ነው እንጂ ድካሙ አይጣል። የመጀመሪያውን ማታ ፊልሙ ሲያልቅ ሴትዮዋ ተኝተዋል፣ እኔ ግን መንቀሳቀስ አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አላለፈኝም።

ስሙ ኢል ቺኔማ ሪትሮቫቶ ነው፤ ጠፍቶ የተገኘ ሲኒማ እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ1986 ተጀመረ። አዲስ ፊልም አይወዳደርበትም። ከየአገሩ መዝገብ ቤት የወጣ፣ የታጠበ፣ የታከመ አሮጌ ፊልም ነው የሚታየው። በስምንት ዘጠኝ ቀን ውስጥ ከአራት መቶ በላይ ያሳያሉ። የቀኑ በየአዳራሹ ስለሆነ ካርድ መግዛት አለብሽ። ማታ ግን ፒያሳ ማጆሬ ላይ ትልቅ ሸራ ይተከላል፣ ወንበር በሺህ ይደረደራል፣ ነጻ ነው። ማን ነሽ የሚልሽ የለም። ፌስቲቫሉ ካለቀም በኋላ የአደባባዩ እስከ ነሐሴ ድረስ ይቀጥላል።

አሁን ለእማማ የሚሆነውን ስሚኝ። አንዳንድ ማታ ድምፅ አልባ ፊልም ከኦርኬስትራ ጋር ያሳያሉ። ቻፕሊን፣ ኪተን፣ እንዲህ ያሉትን። የቻፕሊንን ፊልሞች የማደሱን ሥራ የያዘው ራሱ የቦሎኛ ቺኔቴካ፣ የፊልም መዝገብ ቤቱ ነው። ቋንቋ አታውቅም አልሽ? የሚያወራ የለም። መሃል መሃል የምትገባው ጽሑፍ ሁለት መስመር ናት፣ በጆሮዋ ሹክ ትያታለሽ።

ፊልሙ የሚጀምረው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ፣ አለዚያ ወንበር የለም። ወንበር ያጣ ሰው ሳን ፔትሮንዮ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ስለሚውል እስከ እኩለ ሌሊት ይሞቃል። ለጉልበት ከዚያ የተሻለ የለም። ቀን ቀን ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ግን ከተማው በረንዳ በበረንዳ ነው። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ጣሪያ ያለው በረንዳ አለን፣ ፀሐይ ሳይነካችሁ ትሄዳላችሁ። ከሙኒክ በብሬነር (የኦስትሪያና የጣሊያን ድንበር) በኩል ቀጥታ ባቡር አለ፣ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። የእማማ ቪዛ ሸንገን ከሆነ ጣሊያንም ያስገባታል። ፓስፖርቷን ግን ይዛ ትጓዝ፣ መንገድ ላይ ይፈትሻሉ።

ሽቅብ_ወራጅ · ግንቦት 19

ጣሊያን አገር "ጠፍቶ የተገኘ"! ከእኛ የወሰዱትስ መቼ ነው የሚገኘው?

ባለ_ደብተር · ግንቦት 19

ሽቅብ፣ ለቀልድ ያልከው ነገር ውስጡ ታሪክ አለው። የፊልም ፌስቲቫል የሚባለው ነገር ራሱ የጀመረው ጣሊያን ውስጥ በበጋ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1932 ቬኒስ ሊዶ ላይ፣ አንድ ትልቅ ሆቴል ሰገነት ላይ ሸራ ተክለው አሳዩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሽልማቱ "የሙሶሊኒ ዋንጫ" ተባለ። በ1937 የጣሊያን ፊልም ዋንጫውን የወሰደው ሥራ ሮማዊ ጄኔራል አፍሪካን ድል ሲያደርግ የሚያሳይ ነበር። ጊዜውን አስሉት። አዲስ አበባ የተያዘችው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው።

ሰባ አንድ ዓመት ቆጥራችሁ እ.ኤ.አ. 2008 ላይ ድረሱ። በዚያው ደሴት፣ በዚያው ፌስቲቫል የኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት ወሰደ። ፊልሙ በአማርኛ ነው። ዋናው ሰውዬ ጀርመን ሕክምና ተምሮ አገሩ የሚመለስ ዶክተር ነው፤ የማታ ፈረቃ፣ አንቺም ልታይው ይገባል። በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉ ፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት ደገመለት። እኔ እኩለ ሌሊት ሬዲዮ ላይ ስሰማ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ጮኼ ነበር።

ጆርጂያ_ጎዳና · ግንቦት 20

ኃይሌ ከተነሣ ዝም ማለት አልችልም፣ ሰፈሬ ነው። ዲሲ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው መጽሐፍ ቤት ስሙን የወሰደው ከፊልሙ ከ"ሳንኮፋ" ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያልቅ የሚያከፋፍልላቸው ጠፋ። ምን አደረጉ? ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራይተው ከከተማ ወደ ከተማ አዞሩት። እኔ ያኔ ገና የመጣሁ ልጅ ነኝ። ሰልፉን አይቼ ዳቦ የሚታደል መስሎኝ ተሰለፍኩ፣ ወላዲቷን።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሎስ አንጀለስ የኦስካሩ አካዳሚ ሙዚየም ሲከፈት ኃይሌን ሸለመው፣ የእሱንና የጓደኞቹን ፊልሞችም በተከታታይ አሳየ። እኔ ከፌስቲቫል ይልቅ እንዲህ ያለውን ነው የምወደው። የአንድ ሰው ሥራ ከወጣትነቱ እስከ ሽበቱ፣ ሳምንት በሳምንት። ፌስቲቫል ሠርግ ነው፣ በልተህ ጨፍረህ ትወጣለህ። ይሄኛው ግን እንደ ማኅበር ነው። ያው ሰው ተመልሶ ይመጣል፣ በሦስተኛው ሳምንት ትጨባበጣላችሁ።

እዚህም በበጋ ፓርክ ውስጥ የነጻ ፊልም አለ። ቢንቢው ግን ከነጫማህ ይበላሃል።

ሽቅብ፣ ላም ከፈለግክ የኃይሌን "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"ን እይ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በሬ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 ስዊስ፣ ሎካርኖ ፌስቲቫል ላይ ተሸልሟል።

ዙሪክ_ጭጋግ · ግንቦት 20

ሎካርኖን ማን ጠራው? የማውቀው እሱን ብቻ ነው።

ከቬኒስ ቀጥሎ ካሉት አንጋፋዎች አንዱ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ። በእኛ ሐምሌ ማለቂያና ነሐሴ መግቢያ ላይ ስለሆነ የእማማ ቀን አያደርስም፤ ለከርሞ ያዙት። ፒያሳ ግራንዴ ላይ ስምንት ሺህ ሰው ይቀመጣል። ወንበሩ ቢጫና ጥቁር ነው፣ የነብር ቆዳ ለማስመሰል። ሽልማታቸውም ነብር ነው።

ስለ አየሩ ልንገራችሁ። ቦታው ተራራ ሥር ስለሆነ በበጋ ነጎድጓድ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ፊልሙ እኩሌታ ላይ ሲደርስ መብረቁ ጀመረ። አሁን ሁሉም ይሮጣል ብዬ ቦርሳዬን አንጠለጠልኩ። ማንም አልተነሣም። ሁሉም ከየቦርሳው ላስቲክ አወጣ። ያ ሁሉ ላስቲክ በአንድ ጊዜ ሲዘረጋ ምን ይመስላል? በወንፊት ጤፍ ሲነፋ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ፣ ሸራው ላይ ሰውየው እያለቀሰ ነበር፣ ዝናቡም በፊቱ ላይ ይወርዳል። የቱ የፊልሙ የቱ የእግዜር እንደሆነ አልለየሁም።

ዋጋው ስዊስ ነው፣ አላጽናናችሁም። ቤሊንዞና እደሩ፣ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ስንቅ ቋጥሩ።

ቆርቆሮ_ጣሪያ · ግንቦት 20

የአዲስ አበባ ሰው ነኝ። ስታወሩ ቆየሁና አንድ ነገር ከነከነኝ። "የበጋ ፌስቲቫል" ትላላችሁ። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው። እና እኛ በክረምት ፊልም የለንም ያለው ማነው?

ሰኔ 30 ካርድ ተቀበልን። ሐምሌ 1 ቀን ቪዲዮ ቤት ነን። ሰፈራችን ውስጥ የነበረችው ጭቃ ቤት ናት። መስኮቱ በጆንያ ተደፍኗል። አግዳሚ ወንበሩ ከግንብ ሥራ የተረፈ ጣውላ ነው፣ ሚስማሩ ሱሪ ይቀዳል። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ በብረት ፍርግርግ ታስሯል፣ እንደ ወንጀለኛ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። በር ላይ በጠመኔ ይጻፋል፦ "ከቀኑ 8 ሰዓት ካራቴ። ማታ ህንድ፣ በጣም የሚያስለቅስ።"

ታዲያ ስምንት ሰዓት ላይ ምን ይመጣል? ዝናብ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን ቴሌቪዥኑ፣ ጎንህ ያለው ልጅ አይሰማም። ያኔ የባለቤቱ ልጅ ይነሣል። ካሴቱን ሃያ ጊዜ አይቶታል። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና በሙሉ ድምፁ ይተርካል። "አሁን ወንድሙ መሆኑን አላወቀም! አሁን ሊያውቅ ነው! እናትየዋ መጣች!" ሁላችንም እንጮኻለን። ከፊልሙ ይልቅ እሱን እናደንቅ ነበር። ዝናቡ ካቆመና ድምፁ ከተመለሰ "ኧረ ተወው፣ አንተው ቀጥል" እንለዋለን።

በርበሬ፣ ያልሽው የቦሎኛ ድምፅ አልባ ፊልም ለእኔ ይኸው ነው። ኦርኬስትራው ቆርቆሮው ነበር።

ባለፈው ክረምት ይህን ነገር ልመልስ ብዬ የአንድ አዳራሽ ኃላፊ ዘንድ ሄጄ ነበር። አሮጌ ፊልም፣ በወር አንድ ቅዳሜ። ተስማማን፣ ቀብድ ከፈልኩ። በቀኑ ሃምሳ ሰው ይዤ ብሄድ ውስጥ ሠርግ አለ። ኃላፊው "ፊልሙን ከኬኩ በኋላ አሳዩ" አለኝ። ቀብዴ እስካሁን እዚያው ነው።

የኦፕሬተሩ_ዘመድ · ግንቦት 21

ቆርቆሮ ገደልከኝ። የእኔ አጎት ደግሞ የትልቅ ሲኒማ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። ሁለት ፕሮጀክተር ጎን ለጎን ነው። አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ሊያልቅ ሲል ሸራው ላይ በቀኝ ጥግ ትንሽ ነጥብ ብልጭ ትላለች፣ ያኔ ሁለተኛውን ሞተር ያስነሣሉ። ሁለተኛዋ ነጥብ ስትመጣ ያዞሩታል። ተመልካቹ አያውቅም። እኔ ግን ነጥቧን አንዴ ካሳዩኝ ወዲህ ፊልም በሰላም አይቼ አላውቅም፣ ዓይኔ ጥጉ ላይ ነው።

ጥንት መብራቱ አምፖል አልነበረም፣ ካርቦን ነው። እንደ እርሳስ ያሉ ሁለት ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ይቀራረባሉ፣ መሃላቸው ኤሌክትሪኩ ይነዳል። ዘንጉ እየነደደ ያጥራል። ሰውየው ካላስጠጋው ሸራው ይጨልማል። አንዳንድ ቀን አጎቴ ወሬ ይይዛቸውና ከታች ሰዉ ሲያፏጭ ነው የሚነቁት።

በርበሬ_በቦሎኛ · ግንቦት 21

ወንድሜ፣ እሱን እኛ ጋ አሁንም ታየዋለህ! ፒያዜታ ፓዞሊኒ የምትባል ግቢ አለች፣ ቺኔቴካው ጋ። በፌስቲቫሉ ሰሞን አንዳንድ ማታ የጥንት የካርቦን ፕሮጀክተር ግቢው መሃል ያቆማሉ። ጭስ ማውጫ አለው፣ እንደ ዳቦ ቤት ይጨሳል።

አራት_ኪሎ_ነኝ · ግንቦት 22

ሰው ሁሉ ትዝታ ላይ ነው፣ ደስ ይላል። እኔ ግን ልናደድ። ሲኒማ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ ቤቱን "ሰይጣን ቤት" ብሎ ሰየመው። በ1957 ዓ.ም "ሒሩት አባቷ ማነው" ተሠራ፣ የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም። እዚህ ካላችሁት በትልቅ ሸራ ያየው ማነው? እጃችሁን አውጡ። የቦሎኛዎቹ ያረጀ ፊልም የሚያክም ላቦራቶሪ አላቸው፣ ከአፍሪካ ሳይቀር ይመጣላቸዋል። ለአፍሪካ ፊልም ማደሻ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሮጀክት ሲቋቋም ሃምሳ ፊልም ታስቦ ነው። ከሃምሳው የእኛ ስንት እንዲሆን ማን ጠየቀ? ማንም። ፊልሙ ይበላሻል፣ እኛ ስለ ቀይ ምንጣፍ እንጨቃጨቃለን።

አዲስ አበባ ያላችሁ የባህል ማዕከሎቹን፣ የጀርመኑን ጎተንና የፈረንሳዩን አሊያንስን አትርሱ፣ ፊልም ያሳያሉ። የውጭ ፊልም በብዛት፣ ግን ወንበሩ ሱሪ አይቀድም።

ሽቅብ_ወራጅ · ግንቦት 22

እጄን አላወጣሁም። ልክ ነህ፣ ይቅርታ ሳልጠየቅ።

ሪያድ_ዓርብ · ግንቦት 23

እኔ ደግሞ ሳነባችሁ ሳቄ መጣ። ውጭ ተቀምጦ ፊልም? እዚህ በሐምሌ ከቤት ወጥተሽ ታክሲ እስክትይዢ ትቀቀያለሽ። ሳዑዲ ሲኒማ ቤት ዳግም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፣ ከዚያ በፊት ከሠላሳ ዓመት በላይ ዝግ ነበር። እኔ ስመጣ አልነበረም። ሲከፈት ከጓደኛዬ ጋር ዓርብ ቀን ሄድን። የምናየው ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅንም። ኤሲው ያንቀጠቅጣል፣ መብራቱ ሲጠፋ እጇን ያዝኳት። ሁለታችንም ከአገር ከወጣን ጀምሮ ጨለማ ውስጥ ሳንፈራ የተቀመጥንበት የመጀመሪያ ቀን ነበር።

የጂዳው ፌስቲቫል በፈረንጆቹ ዲሴምበር ነው። እዚህ የደስታ ወቅት ብርድ ሲመጣ ነው።

የማታ_ፈረቃ · ግንቦት 23

ሪያድ፣ እህቴ፣ አይዞሽ። ደግሜ ደግሜ አነበብኩት።

ኪርያት_ጋት_ልጅ · ግንቦት 24

ሰላም ከእስራኤል። የኢየሩሳሌም ፌስቲቫል በሐምሌ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ። የመክፈቻው ማታ የሱልጣን ገንዳ በሚባለው ሜዳ፣ ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ሥር ነው። ሹራብ ካልያዝሽ ሐምሌ ነው ብለሽ ትታለያለሽ፣ ነፋሱ ክፉ ነው።

በ2014 "ቀይ ቅጠሎች" የሚባል ፊልም እዚያ የመጀመሪያ ሥራ ሽልማት አገኘ። የባዚ ጌቴ ነው፣ የእኛው ልጅ። ዋናው ተዋናይ ደበበ እሸቱ ናቸው! ሚስታቸው ሞታ ቤታቸውን ሸጠው በየልጆቻቸው ቤት የሚንከራተቱ አባት ሆነው። አባቴን ይዤ አየነው። አባቴ ሲኒማ ቤት ውስጥ ጫማውን አውልቆ የሚቀመጥ ሰው ነው። ያን ቀን አላወለቀም። ስንወጣ "ልጆቹ ባለጌዎች ናቸው" አለ። ከዚያ እስከ ቤታችን ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔም መኪናውን ቀስ ብዬ ነዳሁ።

ኪፕሴሊ · ግንቦት 24

ከአቴንስ ባጭሩ፦ እዚህ ፌስቲቫል አያስፈልግም። በበጋ ጣሪያ የሌለው ሲኒማ በየሰፈሩ አለ። ቲሲዮን የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ነው፣ ከወንበርሽ ሆነሽ አክሮፖሊስን ታያለሽ። መሃል ላይ እረፍት አለ፣ ሰው ሁሉ ሊበላ ይነሣል። ጎረቤቶች በረንዳቸው ላይ ሆነው በነጻ ያያሉ። እኔ አንዷ ነኝ።

የማታ_ፈረቃ · ግንቦት 26

ወስኛለሁ፣ ቦሎኛ። በርበሬ፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ። ለእማዬ "ፒያሳ የሚባል ቦታ ነው የምንሄደው" ብላት "ታዲያ ማሕሙድ ጋ እንገናኛ" አለች።

የማታ_ፈረቃ · ሰኔ 21

ተመልሰናል። ቃል ስለገባሁ ልጻፍ፣ ነገ ሥራ እገባለሁ።

ብሬነር ላይ ፖሊስ ገባ። እማዬ ፓስፖርቷን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ስትሰጠው ሰላምታ ሰጥቶ መለሰላት። ባቡሩ ውስጥ ድርቆሽ ፍርፍር በላን፣ ፊት ለፊታችን ያለው ጀርመን መስኮት ሊከፍት ፈልጎ መስኮቱ የማይከፈት ሆነበት።

በርበሬ ጣቢያ ተቀበለችን። ስለ እሷ አላወራም፣ አለቅሳለሁ።

አደባባይ የሄድነው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እማዬ ጥለት ያለው ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፣ "ሲኒማ ነው እኮ" ብላ። ከጎኗ የተቀመጡ ጣሊያናዊት አሮጊት ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱት። እሷም የእሳቸውን ማራገቢያ ወሰደች። እስኪጨልም ድረስ ሁለቱ በየቋንቋቸው ሲያወሩ ቆዩ። "ነጻ ነው?" ስትለኝ "አዎ" አልኳት። "ታዲያ በመጨረሻ ምን ሊሸጡልን ነው?" አለች።

ቻፕሊን ነበር። ኦርኬስትራው ሲጀምር ደረቴ ውስጥ ገባ። እኔ ጽሑፉን ልተረጉምላት ተዘጋጅቻለሁ፣ የስልክ መዝገበ ቃላት ከፍቼ። የመጀመሪያው ጽሑፍ መጣ፣ ጎንበስ አልኩ። እማዬ እጄን መታ አድርጋ "ዝም በይ፣ አየሁት" አለችኝ። ከዚያ እሷ ትነግረኝ ጀመር። "ይኸው ሊሰርቅ ነው። አልሰረቀም፣ ልጁን አይቶ ተወው። አይ ያቺ ሴት! ታውቀዋለች፣ አታውቀውም? ታውቀዋለች!" ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ። ከኋላችን አንድ ሰው እሽሽ አለ። ጣሊያናዊቷ አሮጊት ዞር ብለው በጣታቸው ገሠጹት። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንተን አስታወስኩ። ያ ቴሌቪዥን አጠገብ ቆሞ የሚተርከው ልጅ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ 68 ዓመቷ ነው።

መጨረሻው ላይ አለቀሰች። ስንወጣ ቀና ብላ ሸራውን አየችና "ስልክሽን ከዛሬ ወዲህ አላይም" አለች።

የካርቦኑንም አየን። ማለት እኔ ፊልሙን አየሁ። እሷ ጀርባዋን ለሸራው ሰጥታ የቆመችው ሰውየው ላይ ነው። መነጽር አድርጎ በትንሿ መስኮት እያየ ዘንጉን ያስጠጋል፣ ጭሱ በማውጫው ይወጣል። "አየሽ፣ ልክ እንደ ምጣድ እሳት ነው፣ ካልቆሰቆሰው እንጀራው ይጠቁራል" አለችኝ። ሲጨርስ አጨበጨበችለት፣ ብቻዋን። ሰውየው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት።

ጉልበቷ? ደረጃው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ "እዚሁ ልደር" ብላ ነበር።

የኦፕሬተሩ_ዘመድ · ሰኔ 21

አጎቴን አጨበጨበችላቸው። እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ።

አራት_ኪሎ_ነኝ · ሰኔ 22

የምናደደው ቀርቶብኝ ነበር፣ እንደገና ጀመረኝ። ለምን እዚህ አይሆንም?

ቆርቆሮ_ጣሪያ · ሰኔ 22

እዚህም ይሆናል። አዳራሽ አልለምንም። የኮንዶሚኒየማችንን ኮሚናል ቤት ኮሚቴው ፈቀደልኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ሰማችሁ? ፕሮጀክተር ከቢሮ ተውሻለሁ። አንሶላ ባለቤቴ እየሰፋች ነው። ሐምሌ ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት። የቻፕሊን ነው፣ ወንበር ከየቤታችሁ። የሚተርክልኝ ብቻ አጥቻለሁ። የማታ ፈረቃ፣ እማማ መቼ ነው የሚመለሱት?

የማታ_ፈረቃ · ሰኔ 22

ሐምሌ 3 ነው በረራዋ። አነበብኩላት። "ሰዓቱን በደንብ ጠይቂልኝ፣ ደግሞ ከፊት ወንበር ይያዝልኝ" ብላለች።

ሽቅብ_ወራጅ · ሰኔ 22

ለእኔም አንድ ያዙልኝ። ላሟ ትኖራለች?